ጉርሻ የተከለከለበት ክፍል

ከህንድ ከተመለስኩ ወዲህ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እውነት መንገድ ላይ ይጨፍራሉ?» ይለኛል። አይጨፍሩም፣ ሥራ ላይ ናቸው ስለው ቅር ብሎት ይሄዳል። ስለዚህ ያየሁትን ከቤት ወጥቼ ቤት እስክገባ ድረስ ባለው ቅደም ተከተል ልጽፈው ወሰንኩ። ማንበብ የፈለገ ያንብበው፤ ጭፈራ የፈለገ ግን ከአሁኑ ይቅርበት።

የሄድኩት ለእጅ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ነው። ወረቀቱ ላይ «ጎብኚ ሐኪም» ነበር የተባልኩት፤ ከትልልቆቹ ሐኪሞች ጎን ቆሞ የሚያይ፣ ሲፈቀድለት የሚያግዝ ማለት ነው። ልቤ የሄደው ግን ለአንድ እጅ ነበር፤ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ወርቅነሽ ቀኝ እጅ።

እትዬ ቢጠና ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። የወረዳው ተማሪ ግማሹ እሷ የሰፋችውን ዩኒፎርም ለብሶ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው። አንድ ቀን ዝናብ ያራሰው ደጃፍ ላይ የዘይት ጠርሙስ እንደያዘች አዳለጣትና ጠርሙሱ መዳፏ ውስጥ ተሰበረ። የሦስት ጣቶቿን ጅማት ቆረጠው። ወደ ሶዶ፣ እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል አመጧት፤ የሰፋሁላት እኔው ነኝ። ቁስሉ ጥሩ አድርጎ ሻረ፣ ሰውም እጁ የተባረከ ሐኪም አለኝ። ጣቶቹ ግን አንታጠፍም አሉ። ጅማቱ አጠገቡ ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቆ፣ ሦስቱ ጣቶች ቀጥ እንዳሉ ቀሩ። መቀስ ቢሰጧት አትጨብጥም። ስፌት መኪናዋ አንሶላ ለብሳ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ደንበኞቿም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ።

የተጣበቀውን ጅማት ማላቀቅ ይቻላል። እንዲህ ያለው ሥራ ግን ደጋግመው የሚሞክሩት ነገር አይደለም። ከተላቀቀ በኋላ እንደገና ከተጣበቀ ወይም ከተበጠሰ፣ እኔ በበኩሌ የማውቀው ሌላ መላ አልነበረም። ይህንን ለእትዬ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እሺ፣ አንተው ትሠራዋለህ» አለች። «ግን መጀመሪያ ከሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ሂድ። ይሄ እጅ ለሦስተኛ ጊዜ አይከፈትም።»

ፈቃድ ማግኘቱ ራሱ አንድ ጉዞ ነበር። ጊዜው የቢፒአር፣ የመሥሪያ ቤቶች አሠራር ለውጥ ጊዜ ነው፤ የትም ቢሮ ብትሄዱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። የኔ ጉዳይ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ በግምገማ ላይ ተነሳ። አንድ ባልደረባዬ እጁን አውጥቶ፣ «ዶክተር ታደለ ሲሄድ ድንገተኛውን ማን ሊሸፍን ነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ የሚሸፍነው እሱ ነበር። ሌላዋ ደግሞ፣ «እሱ ካልሄደስ የእጅ በሽተኛ ሁሉ አዲስ አበባ መላካችን መቼ ሊቆም ነው?» አለች። ብዙ ተባለ። መጨረሻ ላይ «ተሞክሮ ቀምሮ እንዲመለስ» ተብሎ ጸደቀልኝ።

ሰኞ ማለዳ ተነሳሁ። የእናቴ ቤት ኦቶና ሰፈር ነው፤ እዚያ ነበር ያደርኩት። እናቴ ሻንጣን እሷ ካልሞላችው የተሞላ አይመስላትም። ህንዶች ሥጋ አይበሉም ሲባል ሰምታ ኖሮ፣ ልጄ በረሃብ ሊሞት ነው ብላ ቋንጣ፣ ቅቤና አንድ ጠርሙስ ዳታ አስቀምጣልኛለች። ለማያውቅ አንባቢ፣ ዳታ የኛ አገር በርበሬ ነው፤ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር እርጥቡን ይፈጭና ከጥሬ ሥጋ ጋር ይበላል፤ ያልለመደውን ሰው ያስለቅሳል። እትዬም ልትሸኘኝ ከቢጠና መጥታ ነበር። መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ አብረውኝ ሄዱ። እናቴ «ጦሳይ አንጆ»፣ እግዚአብሔር ይባርክህ እያለች መረቀችኝ። እትዬ አልመረቀችኝም። «በደንብ ተመልከት፤ እዚያ ሄደህ እንቅልፍ እንዳትተኛ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ዳሞታ ተራራን ከኋላችን ትተን በአረካ በኩል ወጣን። ከሆሳዕና በፊት ጎማ ፈነዳ። ሲቀየር ቆመን ስንጠብቅ ሐኪም መሆኔ ከአፌ አመለጠኝ፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ መንገድ ዳር የተከፈተ ተመላላሽ ክፍል ሆነ። አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ጨጓራውን። አንዲት የአረካ ነጋዴ ያበጠ ጣቷን አሳየችኝና፣ «ዶክተር፣ ይሄ ጣት ለምንድነው እንቢ ያለኝ?» አለችኝ። ስብራቱ ድሮ ነው፤ ድኗል፣ ግን ደርቋል። ምን ልበላት? ጎማው ተቀይሮ ሲያልቅ ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋና አዳነኝ። ቡታጅራ ላይ ምሳ በላን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም አዲስ አበባ ገባን።

ማክሰኞን ኮልፌ ያለው የአጎቴ ልጅ ቤት ዋልኩ። በመሸ ጊዜ ኤርፖርት ሸኘኝ። ረቡዕ ሙምባይ አረፍን። ፈታሹ ሻንጣዬን ሲከፍት የእናቴ ዳታ ከጠርሙሱ አፍ ሾልኮ ሁለት ነጭ ሸሚዞቼን ቀይ አድርጓቸው ነበር። ሰውዬው መጀመሪያ ደም መስሎት ደነገጠ፤ ቀጥሎ አሸተተውና አስነጠሰው።

«ምንድነው?»

«ምግብ ነው።»

«ለሰው?»

አዎ አልኩት። አንዴ ጠርሙሱን፣ አንዴ እኔን አየና በአክብሮት ዘግቶ መለሰልኝ። ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ደቡብ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወደ በዛባት ከተማ በረርኩ። ሆስፒታሉ እዚያ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ማሽን ባለበት የሰው ጣት ይቆረጣል። ሙቀቱ የሁምቦን ቆላ ቀዝቃዛ ነበር ያሰኛል፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ።

የተከራየሁት ክፍል የአንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አማ ይላቸዋል፤ እናት ማለት ነው፤ እኔም አማ አልኳቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ ነጭ ጸጉራቸውን በአበባ የሚያስጌጡ ሴት ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ልብሴን እንዲያጥቡልኝ ስሰጣቸው የመደርደሪያዬን ቋንጣ አገኙት። አንዱን ዘለላ በእጃቸው አንጠልጥለው፣ «ይህ የምን ተክል ሥር ነው?» አሉኝ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ግን እኚህን ሴት እያዩ መዋሸት ይከብዳል። «ሥጋ ነው፣ አማ» አልኩ።

ቋንጣውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። እጃቸውን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠቡና ጸሎት ቤታቸው ገቡ። እኔ ሻንጣዬን ላዘጋጅ ወይስ ልጠብቅ እያልኩ ቆምኩ። ሲመለሱ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይዘዋል። ቋንጣውን እንድከትበት ከመስኮቱ ውጭ ሰቀሉትና፣ «ከመስኮቱ ወዲያ ያንተ አገር ነው፣ ከመስኮቱ ወዲህ የኔ» አሉኝ። ፊታቸው አልጠቆረም። ቋንጣውን ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠሁት፤ ወድዶት ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር ቆሞ ሰላምታ ይሰጠኝ ነበር። ዳታውን ግን አማ ቀመሱት። አጣጥመውት «ዝንጅብል ያንሰዋል» አሉ። ወሩ ሳያልቅ ጠርሙሱን የጨረሱት እሳቸው ናቸው።

በዚያው ሐሙስ ሆስፒታሉ ገባሁ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ራማን ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ያየሁት ኦፕራሲዮን አስገረመኝ። በሽተኛው ነቅቷል። እጁን ብቻ አደንዝዘውታል። የተጣበቀውን ጅማት በጥንቃቄ ሲያላቅቁ ቆዩና፣ «ጨብጥ» አሉት፤ ሰውዬው ጨበጠ። «ዘርጋ»፤ ዘረጋ። ጅማቱ በተከፈተው ቁስል ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት። እኛ ዘንድ በሽተኛው ሲተኛ ነው ሐኪሙ እፎይ የሚለው። እዚህ በሽተኛው የሐኪሙ ምስክር ነው። የእትዬ ሦስት ጣቶች በዓይነ ልቦናዬ ሲታጠፉ ታየኝ።

አርብ ምሳ ባልደረቦቼ ጋበዙኝ። ምግቡ የቀረበው በሙዝ ቅጠል ላይ ነው። የሙዝ ቅጠል ሳይ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ሥጋ ስንበላ ያደግነው ሰዎች ምን እንደሚሰማን መገመት አያስቸግርም፤ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። የሚበሉትም በእጅ ነው፣ በቀኝ እጅ። ሩዝና የምስር ወጥ በላሁ፤ አስተናጋጁ ጨመረ። ትርፍ መተው ነውር ነው ብዬ ጨረስኩ፤ ጨመረ። እንደገና ጨረስኩ፤ እንደገና ጨመረ። ቀበቶዬን ፈታሁ። ጎኔ የነበረችው ወጣት ሐኪም እያዘነችልኝ ቅጠሌን በሁለት አጠፈችው፤ አስተናጋጁም ወዲያው ሄደ። ቅጠሉን ያላጠፈ ሰው ገና ነኝ ማለቱ ነው። ከሰዓት በኋላ በኦፕራሲዮን ላይ ቆሜ ያንቀላፋሁት በዚያ ምክንያት ነው እንጂ የእትዬን አደራ ረስቼ አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ የእትዬን እጅ ፎቶግራፎች ለዶክተር ራማን አሳየኋቸው። ስፌቴ ነው ያበላሸው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። እየሰፋሁ ሳለሁ ያነሳሁትን ፎቶ ትኩር ብለው አዩት።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አሉ። «ከዚያስ?»

«ጀሶ አደረግንላት።»

«ጀሶው ሲወልቅስ?»

«እናቴ ቤት ሆና አስታመምናት።»

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ምንም። ምንም እንድትሠራ አልፈቀድንላትም» አልኩ፣ ትንሽም ኮራ ብዬ።

ፎቶውን መለሱልኝና በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን በር አሳዩኝ። «የምትፈልገው ነገር እኔ ዘንድ የለም። ወደ ማዳም ላክሽሚ ሂድ።»

ማዳም ላክሽሚ የታከሙ እጆችን ወደ ሥራ የሚመልሰው ክፍል ኃላፊ ናቸው። ቀዶ ሐኪሞቹ ሁሉ፣ ዶክተር ራማንም ጭምር፣ ይፈሯቸዋል። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሲያዩ ሰው ጥፋቱን ያስታውሳል። በክፍላቸው ውስጥ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ አለ። ጅማታቸው የተላቀቀላቸውና እጃቸውን እንዲጠቀሙበት የተፈቀደላቸው በሽተኞች ምሳቸውን እዚያ፣ በዚያው በታከመው እጅ ይበላሉ። ቤተሰብ ከጀርባ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ማክሰኞ እዚያ ምሳ ስበላ የአንድ ሽማግሌ ጎን ደረሰኝ። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ጣቶቻቸው ገና አብጠዋል። ሩዙን ይሰበስባሉ፣ ወደ አፋቸው ሳይደርስ በጣታቸው መሃል ይፈሳል። እንደገና ይሰበስባሉ፣ ይፈሳል። ሸሚዛቸው ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ ሩዝ ሆነ። ከኋላ ሚስታቸው እጇን እያፋተገች ታያለች። እኔ ያደግኩበት ቤት ሽማግሌ እየተራበ ጎኑ ተቀምጦ የሚበላ ሰው፣ ሰው አይባልም። አላሰብኩበትም፤ እጄ በራሱ ሄደ። ሩዙን ከወጡ ጋር አድርጌ፣ ጥሩ አድርጌ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉኝ። ሁለተኛውን እየጠቀለልኩ ሳለሁ ሁሉም መብላቱን ትቶ እኔን ማየቱ ታወቀኝ።

ማዳም ላክሽሚ ከበላዬ ቆመዋል። «ዶክተር፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እያጎረስኳቸው።»

«የተሰበረው መንጋጋቸው ነው እንዴ?»

«በኛ አገር…» ብዬ ጀመርኩ።

«እዚህ ክፍል ውስጥ» አሉ፣ «የሚያጎርስ ሰው የሚሰጠው ምግብ ነው፣ የሚወስደው ደግሞ ጣት ነው።» ሽማግሌው ጉርሻዬን ቶሎ ዋጡት፤ ጥፋቱ ከአፋቸው ቶሎ እንዲጠፋ ይመስለኛል። ሚስታቸው በሻሿ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየሁ።

ከዚያ ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሰጡኝ። እናቴ ለእትዬ ምን ታደርግ እንደነበር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጠዋት ታጎርሳታለች። ምሳ ሰዓት ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤትም ያጎርሳታል። ከቸርች የመጡት ያጎርሷታል። እኔም ከሥራ ስገባ ሳላጎርሳት አልቀመጥም። ፊቷን ሳይቀር እናቴ ነበረች የምታጥባት። እየተናገርኩ ሳለሁ፣ ያ እጅ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድም ቀን አንድም ነገር እንዳልነካ ገባኝ። ሦስት ጣት ያደረቀው ስፌቴ ሳይሆን ፍቅራችን ነበር። ማዳም ላክሽሚ ፊቴን አይተው አውቀዋል መሰለኝ ስብከቱን ተዉልኝ። «የትኞቹ ጣቶች ናቸው የእህትህ?» አሉና ቀኝ እጄን አስዘረጉኝ። መሃሉን፣ የቀለበቱንና ትንሹን ጣቴን ቀጥ አድርገው በፕላስቲክ መደገፊያ አሰሯቸው። «እስከ ቅዳሜ እንዲሁ ትቆያለህ። እዚህ የመጣ ጎብኚ ሁሉ ይታሰራል።»

ረቡዕ በሁለት ጣት መብላት ተማርኩ፤ አልተማርኩም ማለት ይሻላል። ሽማግሌው ከኔ ይሻሉ ነበር። ከሩዜ የበዛው መሬት ሲወርድ አይተው በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ተርጉሙልኝ ስል፣ «ዶክተሩን ማን ያጉርሰው?» ማለታቸው ነው ተባልኩ። ቁልፍ መዝጋት አቃተኝ። ብዕር ከእጄ አመለጠኝ። በማላውቀው ሁኔታ ቁጡ ሆንኩ። እትዬ ይህን ያህል ጊዜ ታግሳ አንድም ቀን ሳትቆጣኝ መቆየቷን ሳስብ አለቀስኩ ማለት ነው፤ ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት እንጂ።

ማታ ቤት ስገባ አማ እጄን አዩ። አደጋ የደረሰብኝ መሰላቸው። ሥልጠና ነው ብል፣ ጤነኛ ነው ብል የሚሰማ የለም። አስቀመጡኝ፤ ሩዙን በእርጎ ለወሱና ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡ። የክፍሉን ሕግ አውቃለሁ። ማዳም ላክሽሚን አስታወስኳቸው። ግን ቀኑን ሙሉ አልበላሁም፤ የአማም እጅ የእናቴን እጅ ይመስላል። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የበለጠ የሚጣፍጥ እራት ህንድ ውስጥ አልበላሁም።

ሐሙስ ይህንኑ ለማዳም ላክሽሚ ተናዘዝኩ። በሥራ ላይ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «እንግዲህ እህትህን አታጉርሷት ብለህ መከልከል አይበቃም» አሉኝ። «እናትን ከልጇ ማዕድ ማባረር አይቻልም። እኔ ሞክሬዋለሁ። ሌላ ሥራ ስጣት።»

«ምን ሥራ?»

«የእናንተን ምግብ እኔ አላውቅም፤ እናትህ ታውቃለች።»

ቀሪውን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ጋ አሳለፍኩ። በመጨረሻው ሳምንት ዶክተር ራማን ቢላውን ሰጡኝና አጠገቤ ቆመው አንድ ጅማት አላቀቅኩ። በሽተኛው ሲጨብጥ «እህትህ ዘንድ ሂድ» አሉኝ። ስሸኝ አማ የአበባ ጉንጉን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤ ለእናቴም አንድ ጠርሙስ አቻር፣ በቅመምና በዘይት የተዘፈዘፈ ማንጎ፣ ሰጡኝ። እሱ ደግሞ አልፈሰሰም፤ አማ ጠርሙሱን በሰም አሽገውት ነበር።

ሶዶ የገባሁት ዝናብ እየዘነበ ነው። ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባና ደስ አለኝ። እናቴ አቀፈችኝ፣ ጎኔን ዳሰሰችና ከሳህ አለችኝ። እትዬ ከቢጠና መጥታ እየጠበቀችኝ ነበር። በቀጠሮው ቀን እጇን አደንዝዤ ከፈትኩት። ነቅታ ነው። ጅማቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቅኩ ጸለይኩ፤ ይህንን ለመጻፍ አላፍርም።

«እትዬ፣ ጨብጪ።»

ሦስቱም ጣቶች ታጠፉ። አንገቷን አንስታ አየችውና፣ «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለች። የምታግዘኝ ሲስተር አለቀሰች። እኔ ግን ገና አልተደሰትኩም፤ የፈራሁት ቤቱን ነበርና።

ማታውን እናቴን አስቀምጬ በወላይትኛ ሁሉንም ነገርኳት። ከነገ ጀምሮ ማንም አያጎርሳትም፤ አንቺም ጭምር። «ህንድ ልኬህ ጭካኔ ተምረህ መጣህ?» አለችኝ እናቴ። የማዳም ላክሽሚን ቃል ነገርኳት፤ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል፣ ሥራውን ግን የምታውቂው አንቺ ነሽ ተብያለሁ አልኳት። ተነስታ ማድቤት ገባች።

በማግስቱ ሳይታሰብ ቦይና ቀቅላ መጣች። ቦይና እንደ ድንች ያለ ሥራ ሥር ነው፤ ሲበስል ይለሰልሳል እንጂ አይፈርስም። ወፍራሙን መርጣ ሳትቆርጥ ለእትዬ ሰጠቻት። ያበጠው እጅ ሊጨብጠው የሚችል ውፍረት ነው። እትዬ ከህመሙ የተነሳ ጥርሷን ነክሳ ጨበጠችው፣ ወደ አፏ አደረሰችው፣ ገመጠችው። አንዴ ወደቀባት። እናቴ ልታነሳ ተነሳችና እኔን አየችኝ፤ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ከጭኗ ስር አድርጋ ተቀመጠችበት። ሌላ ቀን ቦይናውን ለሁለት ሰነጠቀችው። ቆይታ ደግሞ ለአራት። በየጊዜው እያሳነሰች ሄደች፤ ያነሰውን ለመጨበጥ ጣት ይበልጥ መታጠፍ አለበት። ይህንን ማንም አላስተማራትም፤ አቅርባ፣ አይታ፣ ለነገ ምን ያህል እንደምትቆርጥ ራሷ ትወስናለች።

ችግሩ ጠያቂው ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጽጌ በባላቸው ሥራ ምክንያት ሶዶ የከተሙ፣ ወላይትኛ የማይሰሙ ሴት ናቸው። ጠያቂ ሆነው ሲመጡ እትዬ ፊት ትልቅ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ እንደ ጣት የቀጠነ አንድ ቁራጭ ቦይና አዩ። ሊያጎርሷት ሲሉ ከለከልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ለታመመ ልጅ ይችን ታህል ብቻ?» አሉ። «ድሮ በዚህ ቤት እንግዳ ሳይጠግብ ወጥቶ ያውቃል?»

እናቴ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እንደመጣላት ነው የምትናገረው። «ጽጌ፣ አንተ ዝም በል» አለች። «ጣቱ ቀጭን ነው የሚፈልግ።»

ወይዘሮ ጽጌ ምንም አልገባቸውም። ወሬው ግን ሰፈር ገባ፤ የታደለ እናት ልጇ ከውጭ አገር ከመጣ ወዲህ ሰሰተች ተባለ። ይህ ለእናቴ ቀላል ነገር አይደለም። በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል ሥጋ ተካፍሎ እንኳ የሷ ድርሻ የጎረቤት ነው፤ በሰፈሩ የምትታወቀው በመስጠት ነው። ቸርች ስትሄድ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምታ እያለቀሰች ተመልሳ መጣች። ላስረዳቸው ብል እንቢ አለችኝ። «መጀመሪያ ይታጠፍ» አለች። ቢላዋን አንስታ ቦይናውን ይበልጥ አቀጠነችው።

ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ጽጌም ባሉበት፣ እናቴ ቦይናውን ተወችና ትንሽ የስንዴ ቆሎ በእትዬ መዳፍ ላይ አፈሰሰች። ጨብጪ አለቻት። እትዬ ጨበጠች። እናቴ ያንን ጡጫ በሁለት እጇ ይዛ ወደታች ገለበጠችው። ሁላችንም ወለሉን አየን። አንድም ፍሬ አልወደቀም።

እትዬ ሳቀች። «ስፌት መኪናዬን ከቢጠና አስመጡልኝ» አለች። እናቴ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የያዘችውን እንባ ለቀቀችው። ወይዘሮ ጽጌ ግራ ገብቷቸው ትከሻዋን ያሻሉ። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ማድቤት ገባች። ስትመለስ ባልተቆረጠ ቦይና ከአፍ እስከ ገደፉ የተሞላ ትልቁን ትሪ በሁለት እጇ ተሸክማ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ፊት አስቀመጠችውና፣ «ብላ» አለቻቸው። «ዛሬ እኔ ቢላ አልያዝኩም።»